ዘመም ያለች ሦስት

ሐምሌ ነው። ጦሳ ከወገቡ በላይ የለም፣
ጉም ውጦታል፤ ሸዋ በር ላይ መብራትም የለም።
የሱቄን ቆርቆሮ ዝናብ ይደበድባል፣
አያ ሙሄ ከተንታ መጥቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ ይንጠባጠባል፣
በጋቢ የጠቀለለውን እንደ በሽተኛ ደግፎ፣
የመናኸሪያው ጭቃ ጫማው ላይ ተለጥፎ።
ከኋላው ገዢው፣ አቶ ልሳነወርቅ፣ ጃንጥላ ያንጠለጠለ፣
ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አንድ አሮጌ ጠመንጃ የሰቀለ፣
«ቁጥሯ ካልገጠመ ብረት ናት፣ በኪሎ ነው የምገዛት» ያለ።

ጋቢው ተፈታ።
ቤልጅግ ናት። ዓይኔ ሳያያት እጄ አወቃት።

ሰደፏ ዋንዛ አይደለም፣ የባሕር ማዶ እንጨት ነው፣
ቅባኑግ የጠጣ፣ ላብ ያጠገበው፤
አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት፣
የሆነ ሰው ፊት ቀርቶበት።
በአፈሙዟ አጮለቅሁ፤ ጥምዝምዙ አልጠፋም፣
አርጅቷል እንጂ አልከፋም።
ማነጣጠሪያዋ የራሷ፣ ቀለበቷ የራሷ፣
ብሎኖቿን እንኳ ባዕድ መፍቻ አልነካቸውም፤ የራሷ።
በየአካሏ ያው ቁጥር፦ አራት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ ሁለት፣
በጣት የሚነበብ ጥልቀት።
አቶ ልሳነወርቅ ትንፋሹን ያዘ፣
አያ ሙሄ ኪሱ ውስጥ የሙስበሃውን ፍሬ አንድ በአንድ መዘዘ።

ቀረ መቀርቀሪያው።

ሳብሁት። ወጣልኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድሁ፣ ሸሽቼ ከጨለማ።
አራት። ሰባት። ሦስት። ሁለት። ይገጥማል።

ግን ሦስቷ ዘመም ብላለች ወደ ግራ፣
ጭነት እንደከበዳት አህያ፣ ቁልቁለት ላይ፣ በጭንጫ ተራራ።
ሆዷ ላይም ትንሽ ሽራፊ አላት፤
ፋብሪካ እንዲህ ያለች ሦስት አይወልድም። እኔ ግን አወቅኋት።

አሁንም ቤቴ አለች፣ በዱቄት ወተት ጣሳ፣
ከዘጠኝ እህቶቿ ጋር፣ ሰው ሳያነሳት፣ እሷም ሳትነሳ፤
የአባቴ የቁጥር መምቻ፣ የይመር መዶሻ፣ የሰኞ ገበያው።
ድንጋይ ላይ የጣልኋት እኔ ነበርሁ፤ ሰባት ዓመቴ ነው።
ጫፏ ተሸረፈች፣
ከዚያ ወዲህ የነካችው ብረት ሁሉ ላይ አንካሳ ሆና ቀረች።
አባቴ አልመታኝም።
«አብሽር፣ ሦስት ናት እንጂ አንድ አይደለችም» አለኝ፤
ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

አቶ ልሳነወርቅ ስልክ ተደውሎለት በረንዳ ወጣ።
«አያ ሙሄ፣» አልሁ ቀስ ብዬ፣ «ይሄ ከየት መጣ?»

«የመሣሪያ ምዝገባ ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ ያልገጠመ ይወረሳል ተብሎ፣
የኔን መቀርቀሪያ ደግሞ ወስዶታል የክረምት በሽሎ።
ከባቲ ሌላ ገዛሁ፣ ቁጥሩ የማላውቀው ሰው፤
እዚሁ ደሴ አንድ አንጥረኛ ነበር፣ ሞርዶ አጥፍቶ በኔ ቁጥር ያደሰው።
በሦስት ቁና ምስር ተዋዋልን፤ ሁለቱን ከፈልሁ፣
አንዷን ‹ስትችል› አለኝ፤ ሳልችል አረጀሁ።»

ገዢው ተመለሰ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፦
«እህስ? ሙሉ በሙሉ የራሷ ናት?»

ናት ብል፣ ሽማግሌው የቤቱን ክዳን ይለውጣል፤
አይደለችም ብል፣ በግማሽ ዋጋ፣ በዚህ ዝናብ፣ ተንታ ይወጣል።
እኔ ደግሞ እንጀራዬ ዓይኔ ነው፤
ሰው ብር የሚቆጥረው አፌን አምኖ ነው።

«ሁሉም የራሷ ነው» አልሁ።
«መቀርቀሪያው ብቻ የአባቴ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አጠፈ፣
ጃንጥላውን አንዴ ዘረጋ፣ አንዴ አጠፈ።
ኪስ ውስጥ የፍሬው ድምፅ ቆመ።
«የይመር ልጅ?» አለ አያ ሙሄ።
«አዎ» አልሁት።
ረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ መስኮቱን እያየ፣ ጉሙ እየሳሳ ሳለ፤
«ምስር እኮ ዘንድሮ ውድ ነው» አለ።